ደግነት እንደ ሥራ፦ የወይዘሮ የተመኙ ታሪክና የእናቶች መታሰቢያ ጽሑፍ

በቀብር ላይ የሚነበበው የእናቶች የሕይወት ታሪክ መልኩ የታወቀ ነው። ከአባትና ከእናት ስም ይነሣል፤ የትውልድ ቦታን፣ ጋብቻን፣ የልጆችንና የልጅ ልጆችን ቁጥር ይጠራል፤ ከዚያም ሟቿ ሃይማኖተኛ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ለተቸገረ ደራሽ እንደነበሩ መስክሮ ይዘጋል። የተባለው ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን ለአንዷ የተጻፈው ለሌላዋም ይሆናል። ደግነታቸው ይመሰገናል እንጂ በምን አቅም እንደቆመና ምን እንዳስከፈላቸው አይጠየቅም። የዚህ ዳሰሳ ክርክር፣ የቤተሰብ ዋልታ የነበረች እናት በሚገባ የምትታወሰው ደግነቷ የተፈጥሮ ጸጋ ብቻ ሳይሆን ሥራና ሥልጣንም እንደነበረ ሲታይ ነው የሚል ነው።

አይዳ እደማርያም እ.ኤ.አ. በ2018 በእንግሊዝኛ ያሳተመችው «ዘ ዋይፍስ ቴል» ለዚህ ሁነኛ ማሳያ ነው። በቀጣዩ ዓመት የኦንዳቼ የሥነ ጽሑፍ ሽልማትን ያገኘው መጽሐፍ የደራሲዋን አያት የወይዘሮ የተመኙን ሕይወት ይተርካል። ወይዘሮ የተመኙ በጎንደር ተወለዱ፤ ዐሥር ዓመት ሳይሞላቸው በዕድሜ ሁለት ዐሥርት ዓመታት ያህል ለሚበልጧቸው ካህንና ባለቅኔ ተዳሩ። የፋሺስትን ወረራ፣ ጎንደር ኅዳር 1934 ዓ.ም. ከጣሊያን እጅ እስክትወጣ የወረደባትን ቦምብ፣ ከከተማቸው መሰደድን፣ የ1966ቱን አብዮትና የእርስ በርስ ጦርነትን አዩ። ከወለዷቸው ልጆች አንዳንዶቹን ቀበሩ። ባላቸው ሲታሰሩም ፍትሕ ፍለጋ ተነሡ።

የመጽሐፉ ትልቁ ብልኃት እነዚህን የአደባባይ ታሪኮች በቤት በኩል ማሳለፉ ነው። ትረካው የሚጓዘው በበዓላትና በወቅቶች ዑደት ነው፤ እንደ ወይዘሮ የተመኙ ባል ባለ የቤተ ክህነት ሹም ቤት ደግሞ በዓል ማለት ድግስ ነው። ድግሱን ከሴቶቹ ወገን ሆኖ ለሚያየው፣ ለጠላው ብቻ ጌሾ መውቀጥ፣ ብቅል ማብቀል፣ አሻሮ መቁላት፣ ጋን በወይራ ማጠንና መጥመቅ አለ። ተዝካሩ፣ ክርስትናው፣ ማኅበሩ በየተራ ይመጣል፤ አንዱን ሳያነሡ ሌላው ይደርሳል። “እንግዳ ተቀባይ ነበሩ” የሚለው አንድ ሐረግ ይህን ሁሉ ቀን ከሌሊት ውጦ ያስቀራል።

ድግስ ሥልጣንም ነው። ማን እንደሚጠራ፣ ማን በየት እንደሚቀመጥ፣ ለማን የትኛው ብልት እንደሚደርስ፣ ለደጅ ተመጽዋች ምን እንደሚተርፍ የምታውቀው የቤቱ እመቤት ናት። የተጣላ የሚታረቀው፣ ሹመት የሚደላደለው፣ ጋብቻ የሚታሰበው እሷ ባሰናዳችው ማዕድ ዙሪያ ነው። በአማራው የርስት ሥርዓት ሴት በአባቷም በእናቷም በኩል የመውረስ መብት ስለነበራት ለጋስነቷ የራሷ መሠረት ሊኖረው ይችል ነበር። ስለዚህ “እጇ የተፈታ” ስንል ስለ ልቧ ብቻ ሳይሆን ስለ ንብረቷና ስለ አስተዳደር ችሎታዋም መናገራችን ነው።

ይሁንና ሥልጣኑን ማድነቅ ጉዳቱን መሸፈን የለበትም። ወይዘሮ የተመኙ ማጀቱን የተረከቡት ምርጫ በሌላት ሕፃን ዕድሜ ነው። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ለጋብቻ 18 ዓመት መድረስን ሲደነግግ፣ የእሳቸው ዓይነቷ ሙሽራ የደረሰባት ግፍ እንደነበር ሕጉም መስክሯል። መጽሐፉ ፍቅርን፣ ፍርሃትንና ጸሎትን አንዱን በሌላው ሳይሰርዝ በአንድ ሕይወት ውስጥ ማኖሩ ከተለመደው የመታሰቢያ ጽሑፍ ይለየዋል። በዚህ ረገድ የሚቀርበው ይልቅ ለሙሾ ነው። ጎበዝ አልቃሽ ሟቿን በጠቅላላ ምግባር አታነሣትም፤ ያጣችውን ልጅ፣ የተሸከመችውን ብሶት፣ ያልተመለሰላትን ውለታ እየጠቀሰች ነው የምታስለቅሰው።

የዚህ ዓይነት ድርሰት ግን አንድ ወሰን አለው። የእመቤቲቱን ሕይወት በእሷ ዓይን የሚያይ ጽሑፍ በስሟ እህል የፈጩትን፣ ውኃ የቀዱትን፣ እንጨት የለቀሙትን ሴቶች ከጥላ ማውጣት ይከብደዋል። ታዋቂ እናት ባለችበት ትልቅ ቤት ደግነቱን ለእንግዳው የምታደርሰው እጅ ብዙ ጊዜ የሌላ ሴት እጅ ናት። የአንዲትን እናት ታሪክ ስንጽፍ እነዚህንም በስም መጥራት ክብሯን አይቀንስም፤ ቤቷን በሙላት ያሳያል እንጂ።

«ዘ ዋይፍስ ቴል» ሊጻፍ የቻለው የልጅ ልጅ አያቷ በሕይወት ሳሉ ተቀምጣ ስላዳመጠች ነው። የእናቱን ወይም የአያቱን ታሪክ ለመጻፍ የሚያስብ ሁሉ ለቀብር ቀን አያቆየው። ዛሬ አጠገባቸው ተቀምጦ ምን እንደሰጡ ብቻ ሳይሆን ከምን ላይ እንደሰጡ፣ ማን እንዳገዛቸው፣ ምን እንደቀረባቸው ይጠይቃቸው፤ የነገሩትንም በራሳቸው አንደበት ይጻፈው።