ውሉ የጠፋ ልቃቂት

ፈረንሳይ ለጋሲዮንን አልፎ እንጦጦ ወደ የካ በሚያዘነብልበት በኩል ጠዋት ጠዋት በእግሬ እወጣለሁ። ሐኪም አዞኝ ነው፤ በፈቃዴማ ያንን ዳገት የምገፋ ሰው አይደለሁም። ባሕር ዛፉ መሐል ቆም ብሎ ቁልቁል ለሚያይ ከተማው እንደ ስጥ ተዘርግቷል፤ ከማዶ ቦሌ ይታያል። አውሮፕላኖቹ አንድ በአንድ ዝቅ እያሉ ይወርዳሉ።

በ2009 ዓ.ም. እንዲሁ ቆመን ሳለ አብሮኝ ዳገቱን የሚወጣው ጎረቤቴ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ልጁ አብራሪ ነው።

«መምህር፣ አንተ ዕድሜህን በቃላት ላይ የጨረስክ ሰው ነህ። እስቲ ንገረኝ፣ ‹ውህደት› ማለት ምን ማለት ነው?»

ጊዜው የኢትዮጵያ አየር መንገድና የኤርፖርቶች ድርጅት በአንድ ግሩፕ ሥር እንዲጠቃለሉ የተወሰነበት ነበር። «አንድ መሆን ነዋ!» ብዬ ልገላገለው ሞከርኩ። እሱ ግን የዋዛ አልነበረም። «እሺ፣ የልጄ ውልስ? እሱም አንድ ይሆናል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ዳገቱ አድክሞኛል ብዬ አለፍኩት።

እነሆ፣ ዘግይቼም ቢሆን ልመልስለት።

ውህደት ለእኛ አገር እንግዳ ቃል አይደለም። ሊቃውንቱ ለዘመናት የተከራከሩበት ነው። ተዋሕዶ ሲሉ ሁለቱ አንድ ሲሆኑ አንዱ ሌላውን ሳይውጠው፣ ሳይቀላቀሉ፣ ሳይለወጡም ማለታቸው ነው። መቀላቀሉን ‹ቱሳሔ› ብለው ለይተው ያስቀምጡታል፤ ውሃና ወተት እንደሚቀላቀሉት ማለት ነው። የዛሬ ሹማምንት ቃሉን ተዋሱት፤ ጥንቃቄውን ግን እዚያው ቤተ ክህነት ትተውት መጡ። በመግለጫቸው ‹ውህደት› ይላሉ፤ በሥራቸው የምናየው ብዙውን ጊዜ ቱሳሔ ነው።

‹ውል›ም እንዲሁ ነው። ፊርማ ያረፈበት ወረቀት ብቻ አይደለም። የፈትል ጫፍም ውል ነው። እናቴ ሁለት ልቃቂት ወደ አንድ ስታጠነጥን መጀመሪያ የምትፈልገው የሁለቱንም ውል ነበር። ውሉ የጠፋ ልቃቂት ሲያዩት ያማረ ክብ ነው፤ ሊሠሩበት ሲሉ ነው ጉዱ የሚወጣው።

እኔም በዘመኔ አንድ ጊዜ ‹ተዋህጃለሁ›። ስሙን በማልጠቅሰው ተቋም ሁለት የትምህርት ክፍሎች አንድ ሆኑ ተባለ። ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ወንበር ተቆጠረ፤ መጽሐፍ ተቆጠረ፤ የተሰበረ የጽሕፈት መኪና ሳይቀር በሞዴል ተመዘገበ። የአገልግሎት ዘመኔና ማዕረጌ ከማን በላይ፣ ከማን በታች እንደሚውል ግን ያወቅኩት ከማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ነው። ወንበሩን የቆጠረ ኮሚቴ ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው ረሳው።

ሕጉማ አልረሳም። እስከ 2011 ይሠራበት የነበረው የ1996ቱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377 በአንቀጽ 23 ላይ ድርጅት ስለተዋሐደ፣ ስለተከፈለ ወይም ባለቤቱ ስለተለወጠ የሥራ ውል አይቋረጥም ይል ነበር። ጥሩ ነው። የኅብረት ስምምነትን በተመለከተ ግን ሌላ መላ አበጅቶ ነበር፤ ሁለቱም ድርጅቶች የየራሳቸው ስምምነት ካላቸውና ወገኖቹ ሌላ ነገር ካልተስማሙ፣ ብዙ ሠራተኛ የነበረው ድርጅት ስምምነት ይጸና ነበር። ቁጥራቸው እኩል ከሆነ ለሠራተኛው የሚሻለው ይወሰድ ነበር። ልብ በሉ፤ ‹የሚሻለው› የሚለው ሚዛን ይወጣ የነበረው ቆጠራው እኩል ሲሆን ብቻ ነው።

ቆጠራ ደግሞ ለአብራሪ አይመችም። በየትኛውም አየር መንገድ አብራሪ ከጠቅላላው ሠራተኛ ጥቂቱ ነው፤ ድርጅቱ በሰፋ ቁጥር ድምፁ ይሳሳል። በ2009ኙ ውህደት የኤርፖርቶች ድርጅት አብራሪ ስላልነበረው ‹ማን ማንን ይቀድማል› የሚል ጠብ አልመጣም። ነገር ግን ውህደቱ ደርቆ ሳያበቃ፣ በግንቦት 2010 መንግሥት የአየር መንገዱን ድርሻ በከፊል ለባለሀብት እሸጣለሁ አለ፤ ኋላ ተወው። በ2014 ደግሞ አየር መንገዱ ኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ሥር ገባ። በአምስት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ከራስ በላይ ያለው ጣሪያ ሲነሳና ሲደረብ፣ ከሥር ያለው ሰው ውሌ የት ደረሰ ቢል ይፈረድበታል?

«ድሮስ አብራሪ ምን ጎድሎት! ከእኛ የተሻለ ይበላል» የሚል አይጠፋም። ይበላል። ይሁን እንጂ የአብራሪ ሀብቱ የተራ ቁጥሩ ነው። የትኛውን አውሮፕላን እንደሚያበር፣ መቼ ከረዳትነት ወደ ካፒቴንነት እንደሚሻገር፣ ዕረፍቱን በየትኛው ወር እንደሚወስድ በብዙ አየር መንገዶች የሚወሰነው በተቀጠረበት ቀን ነው። ሥራ ቢቀይር ከመጨረሻው ይጀምራል። ሲሠለጥን የፈረመው የአገልግሎት ግዴታም አለበት። ‹ካልተመቸው ይሂድ› የሚለው ምክር ለእሱ ሳይሆን ለባሕረ ሰላጤው አየር መንገዶች ነው የሚጠቅመው። ሥራ አቁሞ እንዳይደራደርም ያው የ1996ቱ አዋጅ የአየር ትራንስፖርትን ሥራ ማቆም ከተከለከለባቸው አገልግሎቶች መድቦት ነበር። በነሐሴ 2010 የበረራ ተቆጣጣሪዎች በደመወዝ ጥያቄ ሥራ ባቆሙ ጊዜ ዘጠኙ መታሰራቸውን አንባቢ ያስታውሳል።

ደግሞስ ነገሩ የእነሱ ብቻ ነው? ነሐሴ 9 ቀን 2014 ከካርቱም የመጣ ቦይንግ 737 መውረድ ሲገባው በ37,000 ጫማ ከፍታ ቦሌን አልፎ ሄደ፤ ከደቂቃዎች በኋላ ተመልሶ በሰላም አረፈ። አየር መንገዱ ግንኙነት ለጊዜው ተቋርጦ እንደነበር ገልጾ አብራሪዎቹን ከበረራ አገለለ፤ የውጭ ዘጋቢዎች ደግሞ እንቅልፍ ነው ብለው ጻፉ። እኔ ዳኛ አይደለሁም። ይሁንና የዕረፍት ሰዓት፣ የበረራ ሰዓት ጣሪያ፣ የፈረቃ አመዳደብ የሚጻፈው የት ነው? በመመሪያና በውል ውስጥ ነው። አብራሪ ስለ ውሉ ሲደራደር እኛም ከኋላው ወንበር ላይ ተቀምጠናል።

ሌላው ዓለም ይህን በውድ ተምሮታል። ዩኤስ ኤርዌይስና አሜሪካ ዌስት እ.ኤ.አ. በ2005 ሲዋሐዱ ገንዘቡ ቶሎ ተስማማ፤ አብራሪዎቹ ግን በተራ ቁጥር ተጣሉ። በ2007 ገላጋይ ዳኛ ወሰነ፤ ተበደልን ያሉት በ2008 የነበረውን ማኅበር በድምፅ አስወግደው የራሳቸውን አቆሙ። አንድ ስም የለጠፈ፣ በሁለት ውል የሚበር ኩባንያ ሆኖ ዓመታት አለፉ። በዚያው በ2008 ዴልታና ኖርዝዌስት ሲዋሐዱ ግን የአብራሪዎቹ የጋራ ውል ውህደቱ ከመጠናቀቁ አስቀድሞ ተስማምቶ ነበር። የተራ ቁጥሩንም ገላጋይ በዓመቱ ውስጥ ጨረሰው። ልዩነቱ የደግነት አይመስለኝም፤ የቅደም ተከተል ነው። እነዚያ ሪባን ቆርጠው ውል ፈለጉ፤ እነዚህ ውል ይዘው ሪባን ቆረጡ።

እኛ አገር አየር መንገዱን ስንነካ ሰው ይከፋዋል። ስማችን ነው፤ ከ1938 ጀምሮ በሰማይ የያዝነው ባንዲራ ነው። እኔም ዳገቱ ላይ ሆኜ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ጭራውን ሳይ ደስ ይለኛል። ነገር ግን የምንኮራበት ቆርቆሮው አይደለም። ቆርቆሮውንማ ሲያትል ይሠሩታል፤ የእኛ የሆነው የሚያበረው፣ የሚጠግነው፣ የኤርፖርቱን ወለል የሚወለውለው ሰው ነው። ደመወዙ ላቅ ያለው አብራሪ ‹ውሌስ?› ለማለት ከፈራ፣ ወልዋዩ በማን አፍ ይጠይቃል?

እንግዲህ ጎረቤቴ፣ መልሴ ይኸውልህ። የልጅህ ውል የት እንደሚውል ከፊርማው በፊት ቁጭ ብለው ከመከሩበት፣ ያ ውህደት ነው። ከፊርማው በኋላ በማስታወቂያ ሰሌዳ ከነገሩት ግን መቀላቀል ነው። ስሙን ስላሳመሩት አይለወጥም።