ሌባን መፎገር

«ጤና ይስጥልኝ፤ የምንደውልልዎት ከቴሌ ነው። ቁጥርዎ የ150 ሺህ ብር ባለ ዕድል ሆኗል፤ እንኳን ደስ ያለዎት!»

«እልልል… ዘርህ ይባረክ የኔ ጌታ! እስቲ አንዴ ጠብቀኝ፣ በሬዎቹን በረት ላስገባና ልምጣ።»

ደዋዩ ይጠብቃል። በሬዎቹ ግን አይገቡም። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል፤ ቦራው ደግሞ ጎረቤት ማሳ ገብቶ ጠብ ያስነሣል። ደዋዩ «አባት፣ እባክዎ መስመሩን እንዳይዘጉት» እያለ ይለማመጣል። አሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ ትዕግሥቱ ያልቅና የ«ቴሌነቱን» ጨዋነት ረስቶ እናትም አባትም የማያስቀር ስድቡን ያወርደዋል። ይኼኔ ተደዋዩ የሽማግሌ ድምፁን አውልቆ፣ ጥርት ባለ የአዲስ አበባ አማርኛ፣ «ወንድሜ፣ እኔ እኮ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው» ይለዋል። ሳቅ። ላይክ። ሼር።

እንዲህ ያለው ቅጂ ዛሬ የማይገባበት ቤት የለም። እዚህ ጎተራ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ባሉት ካፌዎች፣ ወጣቱ ስልኩን ስኒው ላይ አስደግፎ ይከፍተዋል፤ ድምፁ ከውጭ «ሳሪስ፣ ቃሊቲ!» ከሚለው የወያላ ጥሪ ጋር እየተጋፋ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይሸጋገራል። ለጨዋታው ስም አውጣ ብባል «ሌባን መፎገር» እለው ነበር። ፉገራ በአራዳ አፍ ቀልድም ነው፣ ማታለልም ነውና፣ ሁለቱንም ይይዛል።

ያስቃል? አዎ፣ ያስቃል። ለመሳቄም ይቅርታ የምጠይቅበት ምክንያት አይታየኝም። አገራችን «የሌባ ዐይነ ደረቅ፣ መልሶ ልብ ያደርቅ» የሚል ተረት ያወጣችው እንዲህ ያለው ዐይነ ደረቅ ስለበዛባት ነው። ሽማግሌ እናት ከጡረታቸው ያጠራቀሟትን ብር በአንድ የስልክ ጥሪ የሚወስድ ሰው በሬ ሲጠብቅ አሥራ አንድ ደቂቃ ቢቃጠል ምን ይለዋል? እንዲያውም በእነዚያ ደቂቃዎች ለሌላ ሰው ሳይደውል ቀረ ማለት ነው። ይህ ክርክር ጠንካራ ነው፤ የፉገራው ባለሙያዎችም ሁልጊዜ የሚያነሡት ይህንኑ ነው።

ሆኖም ሥራቸው ለአደባባይ የቀረበ ሥራ ነውና እንደ ሥራ ይመዘን። ካዳመጥኳቸው ሁሉ የማደንቀው አንዲት ወጣት የሠራችውን ነው። ድምፅ አትለውጥም፣ አትሳደብም። ደዋዩ በተናገረ ቁጥር ረጋ ብላ ትጠይቀዋለች። «መስመሩን እንዳልዘጋ ለምን ፈለጉ?» «ለባለቤቴ እንዳልነግር ያሉኝ ለምንድን ነው?» «ሽልማት የምትሰጡኝ እናንተ ከሆናችሁ፣ በመልእክት የመጣልኝን ቁጥር የማነብልዎት ለምን እኔ እሆናለሁ?» ሰውዬው ይንተባተባል። ሲንተባተብም ቃለ ተውኔቱ እንደ ተፈታ ሰዓት ብልቱ ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ይዘረገፋል። መጀመሪያ ደስታ ነው፤ ደስታ ያስፈነድቃል፣ የፈነደቀ ሰው አያመዛዝንም። ቀጥሎ ጥድፊያ ነው፤ «ዕድሉ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይቃጠላል»። ከዚያ ብቸኝነት፤ «ለማንም አይንገሩ»። በመጨረሻ የሚስጥር ቁጥሩ። ቴሌብር በ2013 ግንቦት ከተጀመረ ወዲህ የብዙ ሰው ቦርሳ ስልኩ ውስጥ ገብቷል፤ ስለዚህ ሌባው ኪስ መግባት አላስፈለገውም፣ ባለቤቱ ራሱ በሩን ቢከፍትለት ይበቃዋል። ይህን ቅጂ የሰማ ሰው በማግስቱ ሲደወልለት «አሃ፣ አሁን ጥድፊያው ላይ ደረስን» ይላል። ይህ ፉገራ ነው እንበል፤ ትምህርትም ነው።

አብዛኛው ግን እንዲህ አይደለም። አብዛኛው በሬ ነው።

በሬው ለምን እንደመጣ ልብ በሉ። ፎጋሪዎቻችን ተታላይ መስለው ሲቀርቡ የሚመርጡት ሰው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ባላገር። ቃሉን የሚጎትት፣ «ሞባይሉ ወዴት ነው የሚነካው?» የሚል፣ ከተማ የማያውቅ ሽማግሌ፤ ወይም እልል የምትል አሮጊት። እንግዲህ ሳቃችን በሁለት በኩል ይፈሳል ማለት ነው። በአንድ በኩል ሌባው ላይ፣ በሌላው በኩል ግን በእንዲህ ያለው ስልክ ይታለላል ብለን ባሰብነው ሰው ላይ። ጨዋታው ዓለምን አራዳና ፋራ ብሎ ይከፍላታል፤ አራዳው አይታለልም፣ የሚታለል ፋራ ነው።

ታዲያ ያ «ፋራ» እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ቢሆንስ? አንድ ቀን ጎተራ በበሬው ቅጂ ስንስቅ ከመካከላችን የአንዱ እናት አልሳቁም። ቡናቸውን ይዘው ዝም አሉ። ልጃቸው የዝምታቸውን ምክንያት ያወቀው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ በዚያው ሰሞን 18 ሺህ ብር በስልክ ተወስዶባቸዋል። ለምን አልነገሩንም? ሲባሉ የመለሱት አጭር ነበር፤ «ልትስቁብኝ?»

ይህቺ «ልትስቁብኝ» ከብዙ የፉገራ ቅጂ ትበልጥብኛለች። ሌባው ከእርስዋ በላይ የሚፈልገው ወዳጅ የለውም። የተዘረፈ ሰው ካፈረ ለባንኩ አይናገርም፣ ለፖሊስ አያመለክትም፣ ጎረቤቱን አያስጠነቅቅም። «ለማንም አይንገሩ» ያለውን ሌባ እኛው በሳቃችን አስፈጸምንለት!

ደግሞስ አራዳ አይታለልም ያለው ማነው? ጂም ብራውኒንግ በሚል የሽፋን ስም የሚታወቅ ሰው አለ፤ የስልክ አጭበርባሪዎችን ኮምፒዩተር መልሶ ሰብሮ በመግባት ዝነኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ሕንድ ውስጥ ጉሩግራም ከተማ ከሚገኝ አንድ የማጭበርበሪያ ቢሮ የደኅንነት ካሜራ የቀዳውን ምስል ቢቢሲ በፓኖራማ ዝግጅቱ አሳየለት። በዚህ ሙያ ከእርሱ የሚልቅ መፈለግ ያደክማል። ይኸው ሰው በ2021 ሐምሌ ወር የዩቲዩብ ሠራተኛ ነኝ ብሎ የቀረበው አጭበርባሪ አግባብቶት የራሱን ቻናል በገዛ እጁ አጠፋ። ደግነቱ አልደበቀውም፤ ራሱ ተናገረ። የጎተራዋ እናት ይህን ቢሰሙ ኖሮ ሸክማቸው ይቀልላቸው ነበር ብዬ አስባለሁ።

ይህ ጨዋታ ከውጭ የመጣ ነውና የመጣበትን መንገድ ጥቂት ብንከተለው መልካም ነው። ኪትቦጋ በሚል ስም የሚጠራው አሜሪካዊ ከ2017 ጀምሮ በድምፅ መለወጫ አሮጊት እየሆነ አጭበርባሪዎችን ለሰዓታት ያንከራትታል፤ ሚሊዮኖች ያዩታል። ከእርሱ በፊት ደግሞ በናይጄሪያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 419 የተሰየመው የኢሜይል ማጭበርበር በተስፋፋበት ዘመን፣ አጭበርባሪዎቹን መልሰው የሚያጠምዱ ምዕራባውያን ተሰባሰቡ። ነገሩ በቀልድ ጀመረ። ከዚያ አጭበርባሪውን የሚያዋርድ ጽሑፍ አሸክመው ፎቶ ማስነሣት መጣ። ከዚያም ረጅም መንገድ ማስኬድ። እ.ኤ.አ. በ2008 በአንድ የአሜሪካ ራዲዮ ዝግጅት የተላለፈ ታሪክ ነበር፤ እነዚህ ሰዎች አንድን ናይጄሪያዊ ገንዘብ ታገኛለህ ብለው በምሥራቅ ቻድ አቤሼ ወደምትባል ከተማ ላኩት። ያኔ ዳርፉር ማዶ ጦርነት ነበር። ሰውዬው ተርቦ፣ ፈርቶ የሚልከውን መልእክት እነርሱ በየቤታቸው ሶፋ ላይ ተጋድመው እያነበቡ ይስቁ ነበር። ሌባ ነበር? ነበር። ግን እዚህ ላይ ጨዋታው ሌብነትን ትቶ ሌላ ነገር እንደሆነ ለመረዳት ጠበቃ መቅጠር አያሻም።

አሁን ወደ እኛ እንመለስ፤ ምክንያቱም ታሪኩ በ2017 ዓ.ም. የእኛ ሆኗል። የካቲት 5 ቀን ከምያንማር ከማጭበርበሪያ ግቢዎች የወጡ 260 ሰዎች ወንዝ ተሻግረው ለታይላንድ ተሰጡ። ከ20 ያህል አገሮች የመጡ ነበሩ፤ ከግማሽ የሚበልጡት ግን ኢትዮጵያውያን ናቸው። ጥሩ ሥራ አለ ተብለው፣ ቤተሰብ ተበድሮ አሳፍሯቸው የሄዱ ልጆች። የደረሱት ግን ባለ ሽቦ አጥር ግቢ ውስጥ ነው፤ ቀኑን ሌሊቱን ኮምፒዩተር ላይ ተቀምጠው፣ የማያውቁትን ሰው በሌላ ሰው ፎቶ እያፈቀሩ ገንዘቡን እንዲያወጡ ይታዘዛሉ። የታዘዘውን ያላመጣ ይገረፋል፣ በኤሌክትሪክ ይነዘራል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ጽሕፈት ቤት በ2023 ነሐሴ ባወጣው ሪፖርት ምያንማር ውስጥ ቢያንስ 120 ሺህ፣ ካምቦዲያ ውስጥ ደግሞ 100 ሺህ ያህል ሰዎች በዚህ ዓይነት ግዴታ ሥር ሊሆኑ እንደሚችሉ ገምቷል።

አንዱ አሜሪካ ቁጭ ብሎ አጭበርባሪውን «ለአራት ሰዓት አቃጠልኩት» ሲልና ሲጨበጨብለት፣ ከስክሪኑ ማዶ ያለው ሰው የጅማ ወይም የደሴ ልጅ ሊሆን ይችላል። የተቃጠለበት አራት ሰዓት ማታ በጀርባው ይከፈላል። አለቃው? አለቃው ቅጂው ውስጥ የለም።

«የእኛን አገር ደዋይ ከምያንማር ምርኮኛ ጋር አታምታታ!» የምትሉኝ አላችሁ። አላምታታም። በሬ ሲጠብቅ የነበረው ልጅ ማንም ያሰረው አይመስለኝም፤ ምናልባትም ሌብነቱን ሠርቶ ማታ ጫቱን ይቅማል። ለእርሱ የማዝን ከሆነ ለጎተራዋ እናት ካዘንኩ በኋላ ነው። የምለው ፎጋሪው ማንን እንደያዘ ስልኩ አይነግረውም ነው። ደግሞም አንዳንዶቹ ፎጋሪዎች አሁን አሁን የደዋዩን ቁጥር ከቅጂው ጋር እየለጠፉ «ደውላችሁ አሳዩት!» ማለት ጀምረዋል። ያ ሲም ካርድ በማን መታወቂያ ወጣ? ዛሬስ በማን እጅ ነው? ሺህ ሰው ደውሎ የሚሰድባት የአንዲት ጉልት ሻጭ ስልክ ቢሆንስ?

አያቶቻችን ይህን ነገር ያውቁታል። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ «ሌባ ሻይ» የሚባል ሥርዓት ነበር። ለአንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ወገቡ ላይ በታሰረ ጨርቅ ተይዞ እየተንገዳገደ ሰፈሩን ያካልላል፤ ሕዝቡ ይከተላል። ልጁ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት፣ ሌባ እርሱ ነው፤ ይክፈል። ለተከታዩ ሕዝብ ትርኢት ነበር፤ ለቤቱ ባለቤት ግን ትርኢት አልነበረም። ዛሬ ልጁ በስልክ ተተክቷል፤ የሚከተለውም ሰው ከአንድ ሰፈር ወደ መቶ ሺህ አድጓል።

ከሳቅ አንጻርም ቢሆን ነገሩ ደካማ ነው። አለቃ ገብረ ሃና ለዚህን ያህል ዘመን ያሳቁን በሬ ስለሚያስገባ ባላገር በማሾፍ አይመስለኝም። በስማቸው ከሚነገሩት ቀልዶች የሚደምቁት መኳንንቱን ፊት ለፊት የሚነኩት ናቸው፤ ባለ ሥልጣኑ እዚያው ተቀምጧል፣ ቀልደኛውም የቀልዱን ዋጋ ሊከፍል ይችላል። የእኛ ፎጋሪ ምን ይከፍላል? ስልኩን ይዘጋል፣ እይታውን ይቆጥራል።

ጥሩ ፎጋሪ ቢኖር ኖሮ የሚሠራበት ቦታ አለ። በቅርቡ በሰማሁት አንድ ቅጂ ደዋዩ ሃያ ዓመት የሚሆነው ልጅ ይመስላል፤ ፎጋሪው በላዩ ላይ አፉን ሞልቶ ይስቃል። ከሳቁ ሥር፣ ከልጁ ኋላ፣ የሌላ ሰው ድምፅ ይሰማል። ጎርነን ያለ ነው። «ዝጋውና ቀጣዩን ደውል» ይላል። ሁለት ጊዜ መልሼ ሰማሁት። ፎጋሪው ያን ድምፅ አልሰማውም፤ ስለ እርሱም አንድ ነገር አልጠየቀም።