ከመጠይቅ ይልቅ ምልከታ፦ የሕክምና ድረ ገጾች የአጠቃቀም ፍተሻ

ሂናሪ የተሰኘው የዓለም ጤና ድርጅት መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. በጥር 2002 ሥራ ሲጀምር ከስድስት ታላላቅ አሳታሚዎች የተገኙ 1,500 ያህል የሕክምና መጽሔቶችን ይዞ ነበር። ኢትዮጵያ በነፃ ከሚገለገሉት አገሮች አንዷ በመሆኗ የመጽሔት ዋጋ መክፈል ያልቻሉ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የንባብ በር ተከፍቶላቸዋል። ውለታው የሚካድ አይደለም። ሆኖም እንዲህ ያለ ድረ ገጽ ስኬቱ ሲነገር የሚጠቀሰው የመጽሔቱ፣ የተመዘገበው ተቋምና የሠለጠነው ሰው ብዛት ነው፤ ባለሙያው የፈለገውን በእርግጥ አግኝቶ እንደሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው ራሱ የመግቢያው በር ነው። የይለፍ ቃሉ የሚሰጠው ለተቋም ሲሆን፣ አንባቢው አስቀድሞ በመርሐ ግብሩ ገጽ በኩል ካልገባ አሳታሚው አያውቀውም። በተለመደው የመፈለጊያ ገጽ ጽሑፉን ያገኘ ሐኪም በቀጥታ ወደ አሳታሚው ይደርስና በዶላር ክፈል ይባላል። ተቋሙ መብቱ እያለው እርሱ ግን እንደተከለከለ ቈጥሮ ይመለሳል። ይህ የኔትወርክ ወይም የመብራት ችግር አይደለም፤ የአሠራሩ ነው። ብዙ ጊዜ የሚታዘዝለት መድኃኒትም ሥልጠና ነው።

የአጠቃቀም ፍተሻ የሚባለው ዘዴ እንዲህ ያለውን እንቅፋት ለመግለጥ የተበጀ ነው። ያኮብ ኒልሰን አምስት ሰዎችን ብቻ በመመልከት ከችግሮቹ 85 በመቶ ያህሉን ማግኘት እንደሚቻል ጽፏል። አባባሉ ግን ተፈታኞቹ ተመሳሳይ ሲሆኑ ነው የሚሠራው። በልደታ ክፍለ ከተማ ባለው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አምስት ሬዚደንቶች ያለ ችግር ቢጠቀሙበት፣ በዚያው ክፍለ ከተማ አብነት ሠፈር ተረኛ ለሆነች የጤና ጣቢያ ነርስ ማስረጃ አይሆንም። የእርሷ ጥያቄ ሌላ፣ ጊዜዋም ሌላ ነው፤ ምናልባትም የምታነበው ከስልኳ ላይ ነው።

ብዙዎች የሚመርጡት ግን መጠይቅ ነው። ጆን ብሩክ እ.ኤ.አ. በ1986 ያዘጋጀው አሥር ዐረፍተ ነገሮች ያሉት መጠይቅ ርካሽና ፈጣን በመሆኑ በሰፊው ይሠራበታል። ከ0 እስከ 100 የሚሰጠው ነጥብ መቶኛ ሳይሆን መቶኛ ተደርጎ መነበቡ አንዱ ጉድለት ነው። ትልቁ ጉድለት ይሉኝታ ነው። ድረ ገጹን ያመጣው ሰው ፊት ለፊት ቆሞ «እንዴት አገኛችሁት?» ሲል «አስቸጋሪ ነው» ብሎ የሚጽፍ እንግዳ አክባሪ የት ይገኛል?

ስለዚህ የሚሻለው መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ጥያቄ መስጠት ነው። ለምሳሌ ነርሷ፣ ሪፋምፒሲን ለጀመረ የኤችአይቪ ታካሚ የዶሉቴግራቪር መጠን ምን ይሁን የሚለውን ትፈልግ። መልሱ 50 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ነው። ሳታገኝ ብትተወው አንድ ነገር ነው፤ ሐኪም ትጠይቃለች። የሚያስፈራው በሁለት ደቂቃ ውስጥ «በቀን አንድ ጊዜ» የሚለውን መደበኛ መጠን አንብባ፣ ረክታ መዝጋቷ ነው። በእርካታ መጠይቅ ይህች ነርስ ከፍተኛ ነጥብ ትሰጣለች።

የስክሪን አቀማመጥ ታካሚን እንደሚጎዳ መጠራጠር የቆመው ቀድሞ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ኮፔልና ባልደረቦቹ በጃማ መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ በአንድ የአሜሪካ የማስተማሪያ ሆስፒታል የነበረው የኮምፒዩተር መድኃኒት ማዘዣ 22 ዓይነት ስሕተቶችን ያመቻች ነበር፤ የአንድን ታካሚ መድኃኒቶች በሙሉ ለማየት እስከ 20 ገጽ መክፈት ሊያስፈልግ ይችል ነበር። በአገራችንም በአምስት ሆስፒታሎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ከኤሌክትሮኒክስ የሕክምና መዝገብ ተጠቃሚዎች አብዛኞቹ እንዳልረኩ አሳይቷል። ይሉኝታው እያለ ይህን ያህል ቅሬታ መሰማቱ ልብ ሊባል ይገባል።

ፍተሻው ውድ አይደለም። አንድ ወንበር፣ አንድ ሰዓትና ማስታወሻ ደብተር ይበቃዋል። የሚከብደው የተመልካቹ ዝምታ ነው፦ ነርሷ የተሳሳተውን ቁልፍ ልትጫን ስትል «እዚያ ጋ አይደለም እኅቴ» ከማለት መታቀብ።