ከደረስጌ የመጣ አንድ ካሴትና ግልባጮቹ

«ሸክላና ካሴት ሙቀት ያለው ድምፅ አላቸው፤ ዲጂታል ግን ቀዝቃዛ ነው» የሚለውን አስተያየት በጓደኞቻችን መካከል ደጋግመን ሰምተናል። ሌሎች ደግሞ አዲሱ ጥርት ያለ ስለ ሆነ አሮጌው ለሙዚየም ካልሆነ በቀር አያስፈልግም ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች አብዛኛውን ጊዜ የሚከራከሩት ጥሩ ድምፅ ማጉያ ባለበት ቤት ተቀምጠው፣ በፋብሪካ የተሠራ ሸክላ ወይም ሲዲ እያሰሙ ነው። የብዙው ሰው ቤት ጉዳይ ግን ከዚህ የተለየ መሆኑን ባለፈው ጥቅምት ደባርቅ በሄድን ጊዜ ተረዳን።

በእንግድነት ባረፍንበት ቤት አንድ ካሴት አለ። ከሠላሳ ዓመት በፊት ገደማ ደረስጌ ላይ በተደረገ ሠርግ የተቀዳ ሲሆን፣ የአዝማሪ ማሲንቆ፣ ጭብጨባና የሴቶች እልልታ አለበት። ደረስጌ በታሪክ የታወቀችው ደጃዝማች ካሣ በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡባት በመሆኗ ነው። ኤዲሰን ድምፅ የሚያስቀር መኪና የሠራው እ.ኤ.አ. በ1877 ስለ ሆነ የዚያ ዕለት እልልታ ለማንም ጆሮ አልቀረም። የዚህኛው ሠርግ ግን ቀርቷል፤ በሦስት መልክ ይገኛል። አንደኛው ዋናው ካሴት፣ ሁለተኛው ዳባት ያሉ ዘመዶች ከቴፕ ወደ ቴፕ ያስገለበጡት፣ ሦስተኛው ዘፈን የሚጭን ሱቅ ከዋናው ወደ ስልክ ሜሞሪ ያዛወረው ነው።

የዳባቱ ግልባጭ የአናሎግን ዋና ድካም ያሳያል። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጣው ካሴት፣ ክሩ ወርዱ ከ4 ሚሊ ሜትር የማይሞላ፣ በሴኮንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሚጓዝ ስለ ሆነ፣ ሽሽ የሚል የራሱ ድምፅ አለው። ከቴፕ ወደ ቴፕ ሲገለበጥ የሁለቱ ሽሽታ ይደመርና ወደ 3 ዴሲቤል ያህል ይጨምራል። የማሲንቆው ደጋን የፈረስ ጭራውን ሲነካ የሚሰማው ቀጭን ሸካራ ድምፅ በዚህ ውስጥ ተቀብሯል። ፍጥነቱም የተለየ ነው። ባትሪ ድንጋዩ የደከመ ቴፕ እየተጐተተ ይቀዳል፤ በኋላ በደህና ቴፕ ሲሰማ ዘፋኙ ይቸኩላል። 6 በመቶ ያህል የፍጥነት ልዩነት ድምፁን በግማሽ ቶን ይለውጠዋል። ልዩነቱ እኩል ከሆነ ትዝታው ትዝታ፣ ባቲውም ባቲ እንደ ሆነ ይቀራል፤ መካከል ላይ ሲዋዥቅ ግን ቅኝትን ከዚህ ዓይነት ቴፕ ለማጥናት የሚፈልግ ተማሪ ይሳሳታል።

ታዲያ ስልኩ ሊሻል ይገባው ነበር፤ አልተሻለም። የሲዲ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ ሲቀርብ ድምፅን በሴኮንድ 44,100 ጊዜ፣ በየጊዜውም በ16 ቢት እንዲለካ ተወስኗል። ይህ የሰው ጆሮ እስከሚሰማበት 20,000 ኸርዝ ድረስ ይበቃል። «ዲጂታል ደረጃ ደረጃ ስለ ሆነ ድምፁ የተቆራረጠ ነው» የሚባለውም ትክክል አይደለም፤ ከመሣሪያው የሚወጣው ሞገድ ለስላሳ ነው። ነገር ግን ሲዲ በሴኮንድ 1,411 ኪሎቢት ሲወስድ፣ ሱቁ የሠራው የኤምፒ3 ፋይል 64 ኪሎቢት ብቻ ነበር። ኤምፒ3 ጆሮ አይሰማውም ብሎ የገመተውን ይጥላል፤ በዚህ መጠን ሲጨመቅ ግን የሚሰማውንም ይጥላል። የቴፑ ሽሽታም ራሱ ቦታ ስለሚሻማ ነገሩን ያብሰዋል። ጭብጨባው ስለቱ ደነዘዘ፤ እልልታውም ከውኃ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል። የቤቱ እመቤት የእናታቸውን እልልታ ከብዙ ሴቶች መካከል ለይተው የሚያውቁ ናቸው። ስልኩን ጥቂት አዳመጡና «ይህቺስ እናቴ አይደለችም፤ ፉጨት ነው» አሉን።

ይህን ከሰማን በኋላ ዋናውን ካሴት ራሳችን ለማዛወር ሞከርን። የቴፑን ራስ በአልኮል ጠረግን፤ በትንሽ ካቻቢቴ የራሱን ዘንበልታ እያስተካከልን ማሲንቆው እስኪጠራ ጠበቅን፤ ከዚያም ምንም ሳንጨምቅ በሲዲው ልክ ወደ ኮምፒዩተር ቀዳን። አራት ሆነን፣ የትኛው እንደሚጫወት ሳይነገረን፣ ካሴቱንና ግልባጩን እያፈራረቅን ስንሰማ ለይተን ማወቅ አልቻልንም። ፈተናው ትንሽ ነው፤ ቢሆንም «ቀዝቃዛው» ዲጂታል የቴፑን ሽሽታና ጉድለት ሳይቀር ይዞ መገኘቱ ግልጽ ነው። ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 በጀርመን አገር ያስቀረጹት ሸክላም በኢትዮፒክስ ተከታታይ ሲዲዎች ሲሰማ የመቀረጫው ጡሩምባ ጠባብነት እንዳለ ነው። ማይክሮፎን በሸክላ ሥራ የገባው እ.ኤ.አ. በ1925 በመሆኑ ያልተቀዳውን ሲዲው ሊፈጥረው አይችልም።

ለቴፕ የሚገባውን ምስጋና ግን አንነፍግም። በሠርጉ እልልታው ድንገት ሲነሣ ቴፑ ከልኩ በላይ ተጭኖበታል፤ ይሁን እንጂ ድምፁ ቀስ ብሎ ይታመቃል እንጂ አይሰበርም። ዲጂታል መቅጃ ልኩ ሲያልፍ በአንድ ጊዜ ይቈርጠዋል። ጓደኞቻችን ሙቀት የሚሉት ከዚህ መታመቅ የሚመጣ ይመስለናል። የሚያስደስት ነገር ነው፤ ነገር ግን በቀጂው ቴፕ ላይ የተፈጠረ ነው እንጂ የአዝማሪው አይደለም።

ቅር ያሰኘን ሌላ ነው። ሱቁ ከጫነ በኋላ «ካሴቱ ከእንግዲህ ምን ያደርጋል» ብሏቸው ነበር። ይህን ምክር የሰሙ ሌሎችም እንዳሉ ገባን፤ በመንገዳችን የካሴት ክር በገብስ ማሳ ዳር ወፍ እንዲከላከል ተወጥሮ አይተናልና። የ64 ኪሎቢቱን ፋይል ዛሬ ማንም ባለሙያ ወደ 1,411 ሊመልሰው አይችልም። ካሴቱ ካለ ግን ማዛወሩ ሁለተኛም ሦስተኛም ጊዜ ይቻላል።

እኛ የቀዳነው አንደኛውን ገጽ ብቻ ነው። ሁለተኛው ገጽ ሲጫወት ክሩ ከጎማው ጋር እየተጣበቀ ስላስቸገረን አስቁመነዋል። እመቤቲቱ ካሴቱን በነጠላ ጠቅልለው ወደ ሣጥናቸው መልሰውታል፤ የተሻለ ቴፕ ይዘን ለጥር እንድንመለስ ተስማምተናል።