ኔትዎርክ የማያስፈልጋት ታብሌት

በሰሜን ተራሮች ፓርክ ኔትዎርክ አይታመንም፤ ትንሿ ታብሌት ግን ግድ የላትም። ጂፒኤስ ሲም ካርድም ዳታም አይፈልግም። 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከሚዞሩ ሳተላይቶች ቢያንስ የአራቱን ምልክት ተቀብሎ ያለንበትን ቦታ ያሰላል፤ ወደ ላይ የሚልከው ነገር የለም። ካርታውን ጎንደር ወይም ደባርቅ ሳሉ በዋይፋይ ማውረድ ነው። ከካርታ መተግበሪያዎች እኔ ኦስማንድን እመርጣለሁ፤ በጎ ፈቃደኞች በሚሠሩት የኦፕንስትሪትማፕ ካርታ ላይ የከፍታ መስመሮችን ደርቦ ያሳያል፤ መስመሮቹ ለብቻ ይወርዳሉ።

ከሁሉ የምወድላት ስፋቷን ነው። በስልክ የጊጭን ካምፕ አቅርበው ሲያዩ የእሜት ጎጎ አፋፍ ከስክሪኑ ያመልጣል። በ8 ኢንች ታብሌት ግን ካምፑ፣ 3,926 ሜትር ላይ ያለው አፋፍና ወደ ጨነቅ ካምፕ የሚወስደው መንገድ አንድ ላይ ይታያሉ። የከፍታ መስመሮቹ ተጠጋግተው ሲጠቁሩ፣ ጉም ቢሸፍነውም ገደሉ እዚያ እንዳለ ይታወቃል። (አብሮ የሚሄደው የፓርኩ ስካውት ይህን ሁሉ ያለ ባትሪ ያውቀዋል፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።)

ብርድ ባትሪ ያዳክማል፤ ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ይዘዋት መተኛት ይበጃል። ሲገዙም ጠይቀው ይግዙ፦ ዋይፋይ ብቻ ያላቸው አይፓዶች የጂፒኤስ መቀበያ የላቸውም።