ስለ «ህዩ» እና ስለ «ወቀረ»

በእንግሊዝ ቋንቋ «ህዩ» የሚባል አሮጌ ግሥ አለ። ከሺህ ዓመት በፊት «ሄአዋን» ይባል ነበር፤ ፍችውም በመጥረቢያ ወይም በሰይፍ መትቶ መቍረጥ ነው። ዛሬ በዕለት ንግግር ብዙ አይሰማም፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1611 በታተመው የንጉሥ ያዕቆብ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ይገኛል። ለላስታም ልጆች እንግዳ አይደለም፤ ላሊበላን ለውጭ አገር ሰው የሚያስጐበኝ ሁሉ «ሮክ ህዩን» ይላልና።

የሚያሳዝነኝ፣ ይኸው ወጣት ወደ አማርኛው ሲመለስ «ታነጹ»፣ «ተገነቡ» ማለቱ ነው። ማነጽ ድንጋይ በድንጋይ ላይ መካብ ነው። ይህ ቃል ለይምርሐነ ክርስቶስ ይስማማል፤ እርሱ በዋሻ ውስጥ በድንጋይና በእንጨት ንብርብር የቆመ ሕንፃ ነውና። ቤተ ጊዮርጊስ ግን ወደ 12 ሜትር ያህል ከላይ ወደ ታች ተቈፍሮ ከዐለቱ የወጣ ነው፤ ጣራው ከመሠረቱ ቀደመ።

«ተጠረበ» የሚልም አለ። በእርግጥ ለእንግሊዝኛው ቃል የሚቀርበው ይህ ነው፤ መጥረቢያም የተባለው ከዚሁ ነው። ሆኖም ጥርብ ድንጋይ ከተጠረበ በኋላ ተሸክመው ወደ ግድግዳ ይወስዱታል። ለላሊበላ የሚገባው፣ ግእዙም አማርኛውም የሚያውቀው «ወቀረ» ነው። በማቴዎስ ወንጌል የአርማትያስ ዮሴፍ ስላዘጋጀው መቃብር ሲነገር፣ እንግሊዝኛው «ህዩ» ባለበት ስፍራ አማርኛው «ወቀረ» ብሏል።

ቃሉን እናቶቻችን ከማንም ይልቅ ያውቁታል። ወፍጮ ከመፍጨት ብዛት ሲለሰልስ እህሉ ይንሸራተታል እንጂ አይደቅም፤ ያን ጊዜ ወፍጮው ይወቀራል። በጠንካራ ድንጋይ ቀስ እያሉ ነጥብ በነጥብ ይመቱታል፤ በጉልበት የመታ ወፍጮውን ይሰብራል። (ወጣቶች ከዚህ ሥር የሚያውቁት የመሥሪያ ቤቱን «መዋቅር» ብቻ ይመስለኛል፤ እርሱስ ሲከመር እንጂ ሲወቀር አላየሁም።)

ነገሩ የሰዋስው ብቻ አይደለም። በታነጸ ቤት አንድ ድንጋይ ቢሰነጠቅ አውጥቶ ሌላ መተካት ይቻላል። በተወቀረ ቤት ግን ዓምዱም ወለሉም ጣራውም አንድ ድንጋይ ነው፤ መዶሻ ስቶ ያነሣው አይመለስም፤ ዝናብ የበላውም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2008 ከአንዳንዶቹ በላይ መጠለያ የተተከለው ዝናቡን ለመከልከል ነበር፤ መጠለያው ራሱ ይጐዳል አይጐዳም የሚለው ክርክርም ብዙ ሰው አነጋግሯል። በዚህ መካከል «ሕንፃው ይታደስ» ሲባል የሚሰማ ልጅ፣ አሮጌውን ድንጋይ በአዲስ መለወጥ የሚቻል ይመስለዋል።