የንጋት ስግደት በሐረር መድኃኔዓለም

በሐረር ጥንታዊ ቅጥር፣ በጁገል ውስጥ፣ ፈረስ መጋላ ባለው መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን፣ በሰሙነ ሕማማት ማለዳ ወንዶች በአንድ ወገን ቆመው ሲሰግዱ ሥጋና ነፍስ አብረው ይደክማሉ። ጉልበት ይታጠፋል፣ ግንባር መሬት ይነካል፣ ወዲያው ቀና ይባላል፤ «ኪርያላይሶን» በየሰዓቱ ጸሎት 41 ጊዜ ይደገማል። ብቻውን ቢሆን በአሥረኛው የሚታክተው ጎረምሳ፣ አጠገቡ ያሉት ሽማግሌ ሲነሡ አይቶ ይበረታል፤ እኔ የማደንቀው ይህን ነው።

«ስግደት አምልኮ እንጂ ስፖርት አይደለም» የሚል ካለ እውነቱን ነው፤ ጡንቻ ለማጎልበት የሚሰግድ የለም። ነገር ግን አምልኮው ሰውነትን ባይፈልግ ኖሮ የቃል ጸሎት ብቻ ይበቃው ነበር። ደካማውስ? በሽተኛ አይገደድም፤ በበዓለ ሃምሳም ስግደት የለም። በማለዳ ብቻችሁን የምትሮጡ የሐረር ወጣቶች፣ በሕማማት አንድ ንጋት ከአባቶቻችሁ ጎን ቁሙ።